ለግልገሏ የተተፋ ምርቃት

ባለፈው የበዓል ዋዜማ ከመካኒሳ ወደ ጀሞ በምሄድበት ታክሲ አንድ ጎልማሳ በግ እየጎተተ ገባ። ረዳቱ «ለበጉ የሁለት ሰው ትከፍላለህ» ይላል፤ ሰውየው «ወንበር ላይ መች ተቀመጠ?» ብሎ ይሟገታል። እኔ ዳር ሆኜ ዝም ማለት ስለማልችልበት «ቆሞ የሚሄደውን ሰው ታስከፍል የለም ወይ? የአንድ ሰው ይክፈል፣ አበቃ» ብዬ ፈረድኩ። ተስማሙ። በጉ ግን ዝናብ መትቶት ኖሮ፣ የእርጥብ ጠጉሩ ሽታ ከፋንድያውና ከጭዱ ጋር ተቀላቅሎ ታክሲዋን ሞላት። ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ ፊቴ እንደ እሳት ጋለ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ «እማማ፣ አመመዎት እንዴ? መስኮቱን ልክፈተው?» አለችኝ። ምን ልበላት? ስንት ዘመን ያለፈው እፍረት በበግ ሽታ ተቀሰቀሰብኝ ይባላል?

ያን ጊዜ መካኒሳ እንዲህ በፎቅ አልታጠረችም። የብስራተ ገብርኤል ደወል ሲደወል እኛ ቤት ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ የሚያፍነው ግንብ የለማ። ጀሞ የሚባለው ይኸ ሁሉ ኮንዶሚኒየም የገብስና የጤፍ ማሳ ነበር፤ ዛሬ ልጆች ኳስ በሚጫወቱበት ሜዳ እኔ ኩበት ለቅሜበታለሁ። ወደ መሀል ከተማ ለመሄድ ወይ ቀይና ቢጫውን አውቶቡስ መጠበቅ ነው፣ ወይ «ውይይት» መሳፈር። ውይይት የምንላት ከኋላዋ በሁለት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ተፋጠን የምንቀመጥባት ታክሲ ናት። ስሟ ውይይት ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን የሚወያይባት ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የራሱን ጫማ እያየ ደርሶ ይወርዳል። ጫማውም ቢሆን ያው ኮንጎ ነበር፣ ፀሐይ ሲመታው እግር የሚቀቅል ፕላስቲክ። ወንዶቹ ከታች እንደ ጃንጥላ የሰፋ የቴትሮን ሱሪ ለብሰው ጭቃውን ይጠርጋሉ፤ ጠጉራቸው ደግሞ ከበር ጋር ይታገላል። ከየሙዚቃ ቤቱ ማርሽ ይሰማል፤ የፍቅር ዘፈን ከመጣም ድምፁ ዝቅ ይደረጋል፣ የታመመ ሰው ያለበት ቤት ይመስል።

ስኳሩም ሳሙናውም በቀበሌ ሱቅ በሰልፍ ነው። ሰው ሌሊት ተነስቶ ተራ ይይዝና ሥራ ሲኖርበት በቦታው ድንጋይ አስቀምጦ ይሄዳል፤ ያች ድንጋይ እሱን ሆና ትቆያለች። ድንጋይ የሚያሳልፍ ሌባ ሲገኝ የምጠራው እኔ ነበርኩ። «አስካለን ጥሯት!» ከተባለ አለቀ። ነጠላዬን አጣፍቼ እመጣና የማንም ዘመድ ቢሆን ድንጋዩን ወደ ቦታው አስመልሳለሁ። ትምህርቴ በመሠረተ ትምህርት የለቀምኩት ነው፣ ከዚያ አያልፍም። ፍርድ ግን ከማንም አልተማርኩም፤ ሲጓደል ሆዴን ያመኛል፣ በቃ።

እንግዲህ ከቤታችን ቁልቁል፣ ወንዙ ጋ ሳይደረስ፣ የአንድ የውጭ አገር ነጋዴ ቪላ ነበረ። ሰውየው አውሬ ማርባት ይወድ ነበር፤ አገር ለቆ ሲሄድ ግቢው ከነነፍሱ ለቀበሌ ቀረ። ሳሎኑ ጽሕፈት ቤት ሆነ፣ ጋራዡ የስብሰባ አዳራሽ ሆነ። እንስሶቹ ግን ግራ አጋቡ። ጎረቤቶቼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ትርፍ ቤት ይወረሳል እንጂ ትርፍ ቀበሮ ይወረሳል የሚል አዋጅ አልሰማንም» እያሉ ይሳሳቁ ነበር። ምን ምን ነበር መሰላችሁ? ድንጋይ የሚያካክሉ ኤሊዎች፣ ካኪ የለበሰ ሰው ሲያይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን የሚያሳይ ደረተ ቀይ ጭላዳ ዝንጀሮ፣ በሌላ አገር የለም የሚባልለት ቀይ ቀበሮ፣ ጥንድ የደጋ አጋዘን። ይኸ አጋዘን በአስር ሳንቲሙ ላይ የተቀረጸው ነው። ቀበሌው ግቢውን እሁድ እሁድ ለሕዝብ ሲከፍት መግቢያውን አስር ሳንቲም ስላደረገው አጋዘን ሰጥተን አጋዘን እናይ ነበር። በዚያው አስር ሳንቲም አንድ ዳቦ የሚገዛበት ዘመን ነውና ቀላል አልነበረም፤ ቢሆንም ሰው ይጎርፍ ነበር። ሌላ ምን የሚታይ ነገር ነበረን?

በመጀመሪያው እሁድ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ጓድ በላቸው፣ የእህቱን ልጆች በጓሮ በር ሲያስገባ አየሁት።

«ጓድ በላቸው፣ ሰልፉ እኮ በዚህ በኩል ነው» አልኩት።

«አስካለ፣ ልጆች ናቸው። ቀበሮ አይተው ይወጣሉ።»

«እዚህ የቆሙትም ቀበሮ ሊያዩ ነው የቆሙት። ዝሆን አለ ያላቸው የለም።»

ሰልፈኛው ሳቀ፤ በላቸውም እየሳቀ ልጆቹን መልሶ አሰለፋቸው። ክፉ ሰው አልነበረም። ፈሪ ነበር፤ ያን ጊዜ ማን አልፈራም?

አሁን አማቴን ላስተዋውቃችሁ። የባለቤቴ እናት፣ እማማ ጫልቱ፣ ትውልዳቸው እዚያው ከመካኒሳ አጠገብ፣ ላፍቶ ነው። ቪላው ከመሠራቱ በፊት መሬቱ የአባታቸው ግጦሽ ነበር፤ እሳቸው ግን «እዚህ ጋ ጥጃ እናስር ነበር» ከማለት አልፈው ክርክር አንስተው አያውቁም። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ጠጉራቸው ቅቤ የማይለየው ሴት ነበሩ። እኔን «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለት ነው። ሰውም ይወለድ ከብት፣ የተወለደ ነገር ሁሉ የሽማግሌ አፍ ሊያልፍበት ይገባል ብለው ያምናሉ። ግንባሩ ላይ «እንትፍ፣ እንትፍ» ይሉና ይመርቁታል። «ምራቅ የሆድ ዝናብ ነው» ይሉ ነበር። «ደረቅ አፍ ምን ያበቅላል?» በሰፈሩ ከአራስ ቤት ወጥታ ልጇን ይዛ እኛ ቤት የማትመጣ አልነበረችም። ጉራጌዋም፣ አማራዋም፣ ጎረቤታችን ዘይነባም ከነልጅ ልጇ ትመጣለች። ምራቅ ሃይማኖት አይጠይቅም።

የሊቀመንበሩ ሚስት አበበችም መጥታለች። ልጇ ክርስትና በተነሳ ሰሞን፣ ጎህ ሲቀድ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ በራችንን ስታንኳኳ የከፈትኩላት እኔ ነኝ። ባሏ በየስብሰባው ኋላ ቀር ልማድ ይጥፋ እያለ ይናገር ስለነበር ተሸማቃለች። «እማማ፣ ሰው ሳያየኝ እንትፍ ይበሉልኝ፤ እንቅልፍ እምቢ ብሎ ገደለኝ» አለች። አማቴ ልጁን ተቀብለው ግንባሩንም ደረቱንም እንትፍ እንትፍ አሉት። እዚያው እጃቸው ላይ ተኛ። አበበች ጉልበታቸውን ስማ ሄደች።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ አጋዘኗ ወለደች ተባለ። ሰፈሩ ሁሉ ግልብጥ አለ። «ገንፎ እናገንፋላት ወይስ ሣር ይበቃታል?» ትለኛለች ዘይነባ። የግቢው ጠባቂ ለጊዜው አትጩኹባት ቢልም ወሬው ከቀበሌው በላይ ያለው ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ደርሶ፣ በቀጣዩ እሁድ ግልገሏ በሥነ ሥርዓት ስም ይወጣላታል ተባለ። የሴቶች ማኅበር በሙሉ እንዲገኝ ታዘዝን። ለዚያን ቀን መግቢያው በነጻ ነበር።

አማቴ የሰንበት ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ አራስ ጥየቃ እንደሚሄድ ሰው ተኳኩለው ከእኔ ጋር መጡ። ከከፍተኛው የመጡት ጓድ ጥቁር መነጽር አድርገው ፊት ቆመዋል፤ ጂፓቸው በር ላይ ነው። ግልገሏ ከሽቦው አጥር ወዲያ እናቷ ሆድ ስር ተለጥፋለች፤ እግሯ ሸንበቆ፣ ጆሮዋ ከፊቷ የሰፋ፣ ገና መቆም ያልለመደች። አንገቷ ላይ ቀይ ጥብጣብ አስረውላታል። ጓድ በላቸው ወረቀቱን ዘርግቶ አነበበ። «ይህች እንስሳ በአድኃሪው ዘመን የአንድ ሰው መዝናኛ ነበረች፤ ዛሬ ግን ለሰፊው ሕዝብ ወልዳለች!»

አማቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ለማን ወለደች ነው የሚለው?»

«ለሰፊው ሕዝብ፣ እማማ።»

«እሺ፤ እናትየዋስ ምን ደረሳት?»

ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት። የግልገሏ ስም አብዮት ተባለ። ጭብጨባው ሲቀልጥ አማቴ ከመካከላችን ወጥተው ወደ አጥሩ ሄዱ። እኔ ጠጋ ብለው ሊያዩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው፣ አፋቸውን በሽቦው ቀዳዳ አስጠግተው፣ «እንትፍ! እንትፍ! እንትፍ!» አሏት። በኦሮምኛ ምርቃቱንም አወረዱት፣ ከጅብ አፍ፣ ከሰው ዓይን ይሰውርሽ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ እያሉ። አጠገባቸው ካልቆመ በቀር በጭብጨባው ውስጥ ምርቃቱን የሰማ የለም። ምራቁን ግን ሁሉም አየው። ቀዩ ጥብጣብ ላይ አርፎ ያበራል።

ጭብጨባው ቀስ እያለ ሞተ። ጓዱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኚህ ሴትዮ ምን አደረጉ?»

ወደ አጥሩ ጠጋ ብለው ጥብጣቡን አዩት።

«አብዮት ላይ ነው የተፉት?»

ሲጠይቁ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለን ነበር።

ወደ ጋራዡ ገባን። አማቴን ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ አስቀመጧቸው። በር ላይ የጂፑ ሞተር ተነስቷል። ከዚያ አዳራሽ በጂፕ ወደ ላይ የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ፣ ይመለስም እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሁላችንም ጆሯችን ሞተሩ ላይ ነበር። ባለቤቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቷል። ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ተነሳሁ።

«ጓድ፣ ይኸ ስድብ አይደለም፣ ምርቃት ነው። በእኛ ሰፈር አዲስ የተወለደ እንዲህ ነው የሚመረቀው። የሚያውቅ ሁሉ ይመስክር» አልኩ።

«ይህን ልማድ የምታውቁ እጃችሁን አውጡ» አሉ ጓዱ።

እነሆ በታክሲው ውስጥ ፊቴን ያጋለው እፍረት እዚህ ላይ ነው። አዳራሹ ሙሉ ሴት ነበረ። ልጇ በአማቴ አፍ ያልተባረከላት ከመካከላቸው አንዲት አትገኝም። አንዲት እጅ አልወጣችም። ዘይነባ የነጠላዋን ጥለት ትቆጥራለች። ሌላዋ በባዶ ትከሻዋ ላይ የሌለ ቆሻሻ ታራግፋለች። እኔ የእነሱን ድንጋይ በሰልፍ ላይ ስጠብቅ የኖርኩ ሴት! «አበበች!» ብዬ ተጣራሁ። «ቀና በይ እንጂ! በዚያ ሰሞን ልጅሽን ይዘሽ የመጣሽበት ምን ነበር?»

አበበች ያዘለችውን ልጅ በነጠላዋ ሸፈነችው። ጓድ በላቸው ወረቀቱን አጣጠፈው፣ ዘረጋው፣ መልሶ አጣጠፈው። ጓዱ ፈገግ አሉ፤ ዓይናቸው ከአማቴ ላይ ተነስቶ ወደ እሱ ዞረ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ ልማድ በእርስዎም ቤት አለ ማለት ነው? ለሕዝቡ ይጥፋ እያሉ?»

ያኔ ነው የገባኝ። ጂፑ ባዶውን አይመለስም፤ የሚሄደው ሰው ሊቀየር ብቻ ነው። አበበች ማልቀስ ጀመረች፤ ጀርባዋ ላይ ያለው ልጅም እናቱን ተከትሎ ጮኸ። አማቴ ያን ልጅ አዩት። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ።

«ምራቴ ልጅ ናት፣ እኔን ለማዳን ዋሸች» አሉ። «ማንንም ልጅ መርቄ አላውቅም። ምርቃትም አልነበረም። እንስሳዪቱ ሸተተችኝ፤ ሸቶኝ ነው የተፋሁት።»

ጥጃ በጉያቸው አቅፈው ያደጉ ሴት! እበት በእጃቸው ሲያቦኩ የኖሩ ሴት! ጓዱ አንድ ጊዜ አፈጠጡባቸውና ሳቃቸው አመለጣቸው። «ሸቶዎት ነው?» ብለው በመሐረብ አፋቸውን ይዘው ተንፈቀፈቁ። እሳቸው ከሳቁ በላቸው ሳቀ፣ በላቸው ከሳቀ አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። ከፍርሃት የወጣ ሰው ሳቅ እንዴት ያለ ነው መሰላችሁ፣ ልክ የለውም። አማቴ መሀል ቆመው ነበር፤ ቅቤ የተቀባ ጠጉራቸው በሙቀቱ ቀልጦ በግንባራቸው ይወርዳል። ጓድ በላቸው እያስባለ ግለ ሂስ አስደረጋቸው። «እኔ ያልነቃሁ አሮጊት» በሉ ሲላቸው «እኔ ያልነቃሁ አሮጊት» አሉ። «በሕዝብ ንብረት ላይ በንቀት በመትፋቴ» ሲላቸው ያንንም አሉ። ለቅጣት እስከ ክረምቱ መግቢያ ድረስ ጠዋት ጠዋት የአጋዘኖቹን በረት እንዲጠርጉ ተፈረደባቸው። ጂፑ ባዶውን ሄደ።

ሴቶቹ ደጅ ላይ ከበቡን። «ብልህ ናቸው እኮ፣ እንዴት አድርገው አመለጡ!» ይላሉ። ሞተሩ ሲርቅ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ያን ደስታ ሳስታውሰው ዛሬም መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ። ግቢው አሁን መስተዋት የለበሰ ፎቅ ነው፤ ከታች ባንክ፣ ከላይ ሰዎች በገንዘባቸው የሚሮጡበት ጂም። እንስሶቹን አንድ ቀን በጭነት መኪና ወሰዷቸው፤ ወዴት እንደሆነ የጠየቀ የለም። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ያ ሳቅ ከስር፣ ከመሠረቱ የሚሰማኝ ይመስለኛል።

ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ተነጫነጭኩ። «እማማ፣ ለምን እኔን ውሸታም አደረጉኝ? እውነት ተናግሬ? እነሱ ናቸው የዋሹት!»

«ኢንተላ ኮ፣ ያ ልጅ ያለ አባት ይደግ?»

«እርስዎስ ቢወሰዱ?»

«እኔማ ተወሰድኩ» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም። ቤት ገብተው አፋቸውን ደጋግመው ተጉመጠመጡ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው አልመረቁም። በረቱን ጠዋት ጠዋት ጠርገው ይመለሳሉ፤ ግልገሏ ተላምዳቸው መጥረጊያቸውን እየላሰች ትከተላቸው እንደነበር ጠባቂው ነግሮኛል። እሷንም ዳግም እንትፍ አላሏትም። የሰፈሩ ሴቶች ነገሩ ሲበርድ አንድ በአንድ ልጆቻቸውን እያዘሉ ብቅ ማለት ጀመሩ። አማቴ ወንበር ይስባሉ፣ ልጁን ያቅፋሉ፣ እግሩን ይስማሉ። ምርቃት ሲጠየቁ ግን ነጠላቸውን ከንፈራቸው ላይ ያደርጉና «የለኝም፣ እናቴ። ምርቃቴን ምርቃት አይደለም፣ ሸቶኝ ነው የተፋሁት ብዬ በሰው ፊት የካድኩ ሰው ነኝ። በዚህ አፍ የተመረቀ ልጅ ምን ይሆናል? ሌላ ፈልጊ» ይላሉ። አበበች ሁለተኛዋን ወልዳ መጣች፤ በዚህ ጊዜ በቀን፣ ፊቷን ገልጣ፣ ሰው እያያት። እግራቸው ላይ ወድቃ አለቀሰች። አነሷት፣ ውሃ አጠጧት፣ «ባልሽ ደህና ነው?» ብለው ጠየቋት። መልሱ ግን ያው ሆነ።

እኔ በልቤ «የራሳቸው ሲመጣ ይረሱታል» እል ነበር። ብዙ ዓመት ማኅፀኔ እምቢ ብሎኝ ነበርና፣ በመጨረሻ ወንድ ልጅ ስወልድ የእሳቸው የመጀመሪያ የልጅ ልጅ ነው። ከአራስ ቤት እንደወጣሁ ታጥቤ፣ ልጁን አልብሼ፣ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩት። አፍንጫውን፣ ጣቶቹን፣ የጆሮውን ጀርባ አዩለት። ግንባሩ ላይ ጎንበስ አሉ። ቀና አሉ፣ ከንፈራቸው እንደ ተገጠመ።

«እማማ!» አልኩ። ድምፄ ጮክ አለ። «ልጄ ምን አጠፋ? ያን ቀን ተነስቼ የመሰከርኩልዎት እኔ ብቻ ነኝ። እነሱ ከካዱዎት ለእነሱ ይከልክሉ፣ ለእኔ ልጅ ግን ይገባዋል። ይኸ ፍርድ አይደለም!»

አልተቆጡም። ልጁን እያወዛወዙ ዝቅ ባለ ድምፅ መለሱልኝ።

«ለአበበች ልጅ የለኝም አልኩ። ለዘይነባ የልጅ ልጅ የለኝም አልኩ። የራሴ ሥጋ ሲመጣ ከየት አመጣሁት ልበል? አንቺ ፍርድ አዋቂ ነሽ፣ ኢንተላ ኮ። እስቲ አንቺው ፍረጂ።»

በሕይወቴ ሙሉ፣ በሰልፉም በስብሰባውም፣ አፌ ተይዞ የቀረሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እሳቸው መልሴን ጠበቁ። እውነትም ጠበቁ፤ ዓይናቸው ላይ አይቼዋለሁ፣ «ይመርቁት» ብዬ ብፈርድላቸው ደስ ይላቸው ነበር። በመጨረሻ የልጁን ውስጥ እግር ስመው ወደ እኔ ዘረጉት። ተቀበልኳቸው፤ ግንባሩ ደረቅ እንደሆነ አቅፌው ወደ ጓዳ ገባሁ።